የፖሊስ ቦርጭ እና የፈረቃ ሰሌዳ

በ15 ሜትር ርቀት ሁለት መስመሮች ይሰመራሉ። ተፈታኙ አንዱ መስመር ላይ ይቆምና ከድምፅ ማጉያው ጢጥ የሚል ድምፅ ሲሰማ ወደ ሌላኛው ይሮጣል። ቀጣዩ ጢጥታ ሳይቀድመው ደርሶ መስመሩን መርገጥ አለበት። ከዚያ ዞሮ መመለስ ነው። በድምፆቹ መካከል ያለው ጊዜ ቀስ በቀስ እያጠረ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ሶምሶማ የነበረው እያደር ሩጫ ይሆናል። የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊሶች በየዓመቱ የሚፈተኑት ይህንን ነው። ለማለፍ 35 ጊዜ መመላለስ ይበቃል፤ በድምሩ 525 ሜትር፣ በጊዜ ደግሞ 3 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ።

የደራርቱና የጥሩነሽ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ሳይስቅ አይቀርም። እንጦጦ ላይ በማለዳ ሽቅብ ለሚወጣ ወጣት 525 ሜትር ማሟሟቂያም አይሆንም። ሆኖም ቁጥሩ እንዲህ ዝቅ ያለው እንግሊዞቹ ለፖሊሶቻቸው ስላዘኑ እንዳይመስለን። መለኪያው የተቀዳው ፖሊሱ ራሱን ለመከላከልና ተጠርጣሪ ለመያዝ ከሚሰጠው ሥልጠና ነው፤ ያንን ሥልጠና ሳይጎዳ መጨረስ የሚችል ሰው ልቡና ሳንባው ቢያንስ ምን ያህል መሥራት አለባቸው የሚለው ተጠንቶ ነው ልኩ የተቀመጠው። ሥራው ሲከብድ ልኩም አብሮ ይወጣል። ውሻ ይዞ የሚሠራው ከተራው ፖሊስ ትንሽ ከፍ ያለ ደረጃ ይጠበቅበታል፤ አድማ በታኙ ከእሱም ከፍ ይላል፤ ታጥቆ ለአስቸኳይ ጥሪ የሚወጣውና የፀረ ሽብር ኃይሉ ደግሞ ተራው ፖሊስ ካቆመበት በኋላ ገና ብዙ ደቂቃ ይሮጣሉ። የትኛውም ቁጥር «ፖሊስ ጠንካራ መሆን አለበት» ከሚል ስሜት ብቻ አልመጣም።

ፈተናው በየዓመቱ እንዲሰጥ የቀረበው ሐሳብ ቶም ዊንሰር የተባሉ የሕግ ሰው የፖሊስን ደመወዝና የሥራ ሁኔታ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 ካወጡት ሪፖርት የተገኘ ነው። ሥራ ላይ የዋለው በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ፖሊስ ሲቀጠር ተፈትኖ ከገባ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ጉልበቱ ወይም ወገቡ መመላለሱን ለማይችለው በመሮጫ ማሽን ላይ እየተራመደ የሚፈተንበት አማራጭ ተዘጋጅቶለታል። የወደቀ ሰው ወዲያው አይባረርም፤ ጊዜና ድጋፍ ተሰጥቶት እንደገና ይሞክራል፤ መውደቁ ሲደጋገም ነው ነገሩ ወደ አስተዳደር እርምጃ የሚሄደው።

እኛ ዘንድ ስለ ፖሊስ አካል ብቃት ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ቦርጭ ነው። ቀበቶው ላይ የተንዘረፈፈ ሆድ የቀልድም የካርቱንም መኖ ሆኖ ኖሯል። ይህ የኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ የምትገኘው የአሳም ግዛት ፖሊስ አዛዥ እ.ኤ.አ. በ2023 ሁሉም አባላት ቁመታቸውና ክብደታቸው ተሰልቶ ውፍረታቸው እንዲለካ አዘዙ። የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ተሰጠ፤ ስሌቱ 30 እና ከዚያ በላይ የሚሆንበት ሰው ክብደት ለመቀነስ ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ደግሞ የጤና ምክንያት ከሌለው በቀር በፈቃዱ ጡረታ እንዲወጣ አማራጭ ይቀርብለታል ተባለ። አዛዡ መጀመሪያ ሚዛን ላይ የምወጣው እኔ ነኝ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። ትዕዛዙ ግን የሚለካውን ነገር ከመነሻው ስቷል። ሚዛን ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ክብደት የሚያነሳ ደንዳና ኮንስታብል በዚህ ስሌት ወፍራም ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ሲጋራ እያጨሰ በሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ትንፋሹ የሚያጥረው ቀጭኑ ጓደኛው ግን በሰላም ያልፋል። ሌባ የሚያመልጠው ከቀጭኑም ነው።

ፖሊስ በቀኑ ውስጥ የሚያደርገውን እናስተውል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ፣ ባንክ በር ላይ የተመደበው፣ ኤምባሲ አጥር ሥር የሚያድረው፣ ጣቢያ ተቀምጦ ቃል የሚቀበለው፣ በፓትሮል መኪና የሚዞረው ሁሉም አብዛኛውን ሰዓት ወይ ቆመው ወይ ተቀምጠው ነው የሚያሳልፉት። ቆሞ መዋል ከባድ ነው፤ እግር ያሳብጣል፣ ወገብ ይይዛል፤ ልብንና ሳንባን ግን አያጠነክርም። ሰዓታት በዚህ ሁኔታ ካለፉ በኋላ ድንገት አንድ ሴት «ስልኬን!» ብላ ትጮኻለች። መገናኛ ታክሲ ተራው መሐል ስኒከር ያደረገ የ19 ዓመት ልጅ ይፈተለካል። የሚያሳድደው ፖሊስ ከባድ ጫማ ተጫምቷል፤ ቀበቶው ላይ ካቴናና ቆመጥ ተንጠልጥሏል፤ ክላሽ ከያዘም ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ብረት ትከሻው ላይ ይወዛወዛል። ሩጫው ረዘመ ቢባል ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የተያዘው ልጅ ይታገላል፤ ፖሊሱ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ላብ ዓይኑን እየጋረደው፣ ሰው በተሰበሰበበት ካቴና ማስገባት አለበት።

ሰው የሚዘነጋው ይህንን ቅጽበት ነው፤ ለእኔ ግን የፖሊስ አካል ብቃት ጉዳይ ከጤናም ከመልክም በላይ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ያላለቀበት፣ ክንዱ የሚታመን ፖሊስ ተጠርጣሪውን ጨምድዶ ይዞ «ተረጋጋ» ለማለት አቅም አለው። ጉልበቱ የተሟጠጠው ግን አማራጩ ይጠብበታል፤ እጁ ወደ ቆመጡ ይሄዳል፣ ከባሰም ወደ መሣሪያው። ስለ ተመጣጣኝ ኃይል አጠቃቀም በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ሰውነቱ በማይታዘዝ ሰው ላይ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የሰብዓዊ መብት ሥልጠናንና የጂምናዚየም በጀትን በሁለት የተለያዩ ፋይሎች የሚያስቀምጥ መሥሪያ ቤት የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽ መሆናቸውን ያስተዋለ አይመስለኝም።

ለፖሊሱም ቢሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2010 በሥራ ላይ ሳሉ በድንገተኛ የልብ ችግር የሞቱ 441 ፖሊሶችን መዝገብ አገላብጠው ውጤቱን በ2014 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተው ነበር። ተጠርጣሪ ታግሎ በመያዝ ጊዜ የሚከሰት ድንገተኛ ሞት ከመደበኛው ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከ34 እስከ 69 እጥፍ፣ በማሳደድ ጊዜ ደግሞ ከ32 እስከ 51 እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቀኑን ሙሉ አርፎ የዋለ ልብ በሰከንዶች ውስጥ በሙሉ ኃይሉ እንዲመታ ሲታዘዝ የሚደርስበት ይህ ነው። ከዚሁ ጥናት ብዙዎች ዘለው የሚያልፉት ሌላ ቁጥር አለ፤ በራሱ በአካል ብቃት ልምምድ ወቅትም አደጋው ከ20 እስከ 23 እጥፍ ይጨምራል። ለዓመታት ሳይሮጥ የኖረን የ45 ዓመት ሳጅን አንድ ሰኞ ጠዋት አስነስቶ «ዛሬ ትፈተናለህ» ማለት እሱን ማጠንከር ሳይሆን በሕይወቱ ቁማር መጫወት ነው።

ይህን በጠራራ ፀሐይ ያየነው በጃርካንድ ነው። ይህችም የሕንድ ግዛት ነች። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥ ቀረጥን የሚቆጣጠሩ ኮንስታብሎችን ለመመልመል ወንዶች 10 ኪሎ ሜትር በ60 ደቂቃ፣ ሴቶች 5 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ እንዲሮጡ ተጠየቀ። በሥራ አጥነት የተማረሩ ወጣቶች ጎረፉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 የማያንሱ ሯጮች ሕይወታቸው አለፈ፤ ፈተናው ለጊዜው ተቋረጠ። ሙቀቱ፣ ሌሊቱን በሰልፍ ማሳለፉ፣ የዝግጅቱ ማነስ ሁሉም እንደ ምክንያት ተነስተዋል። ማንም አጥጋቢ መልስ ያልሰጠው ግን አንድ የመጠጥ ቀረጥ ተቆጣጣሪ በሥራው ላይ 10 ኪሎ ሜትር ያለማቋረጥ የሚሮጠው መቼ ነው ለሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት አፋጥጠው የጠየቁት የፊላዴልፊያ ሴቶች ናቸው። የከተማዋ ትራንስፖርት ድርጅት የራሱ ፖሊስ አለው፤ ባቡር ጣቢያዎችን የሚጠብቅ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቱ አመልካቾች 2.4 ኪሎ ሜትር በ12 ደቂቃ እንዲሮጡ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከተፈተኑት ሴቶች ያለፉት 6.7 በመቶ፣ ከወንዶቹ 55.6 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ከሰሱ። በክርክሩ የወጣው ዝርዝር አስገራሚ ነበር። መለኪያውን ያዘጋጁት ባለሙያ መጀመሪያ ሥራው ይጠይቃል ብለው የገመቱት ከዚህም ከፍ ያለ ልክ ኖሮ፣ ሴቶችን ጠርጎ ያስወጣል በሚል ዝቅ አድርገውታል። ቀድመው የተቀጠሩት ፖሊሶች ራሳቸው ብዙዎቹ ፈተናውን አላለፉም፤ ድርጅቱ መጀመሪያ ሊቀጣቸው ሞክሮ ማኅበራቸው ሲቃወም ለሚያልፉት ማበረታቻ ወደ መስጠት ዞረ። ከሁሉ የሚደንቀው ሩጫውን ወድቃ የተቀጠረችው አንዲት ሴት ነገር ነው። ደጋግማ ለዓመቱ ምርጥ ፖሊስነት ታጭታለች፤ ጭራሽ ራስን የመከላከል ስልት አሠልጣኝ እንድትሆን የመረጣት ያው ድርጅት ነው።

የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 መለኪያው ሥራውን በስኬት ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ብቃት መሆኑ መረጋገጥ አለበት ብሎ ጉዳዩን መለሰ። በ2002 ግን ድርጅቱ ረታ። ዳኞቹ ከጠቀሷቸው ነጥቦች አንዱ የሚለማመዱ ሴቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ልኩ ላይ መድረስ ይችላሉ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ከፍርዱ ይልቅ የሚስበኝ የዚህ ነጥብ አንድምታ ነው። ልምምድ ውጤቱን ያን ያህል የሚቀይረው ከሆነ ፈተናው የሚለየው ጠንካራውን ከደካማው ብቻ አይሆንም፤ የመለማመጃ ጊዜና ቦታ ያገኘውን ካላገኘው ጭምር ነው። ሥራ አድራ የገባች፣ ልጅ የምታሳድግ ኮንስታብል መለማመጃ ሰዓቷን ከየት ታምጣ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። የፖሊስ ማሠልጠኛው ባለበት ሰንዳፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ምልምሎች በዜማ እየተቀባበሉ በረድፍ ሲሮጡ ላየ ሰው የፖሊስ አካል ብቃት የሚያሳስብ ጉዳይ አይመስለውም። የምረቃ ቀን የሚታየው ሰልፍ፣ ዝላይና የካራቴ ትርኢት ያኮራል። በሌላ ጫፍ ደግሞ ክለቦቹ አሉ። የፖሊሱ ኦሜድላና ጥሩነሽ የሮጠችለት የማረሚያ ቤቶች ክለብ በስፖርታችን ታሪክ ስማቸው ትልቅ ነው፤ ሜዳልያ ይዞ ለተመለሰ አትሌት የማዕረግ እድገት መስጠትም የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ሰው ነው፤ ከምረቃ በኋላ 20 ዓመት የሚያገለግለውና ለክለብ የማይመረጠው ብዙኃኑ ፖሊስ። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ የመጨረሻ እሁድ መንገድ ተዘግቶ ሕዝቡ አደባባይ ላይ ስፖርት ሲሠራ፣ በኅዳርም ታላቁ ሩጫ ሲካሄድ፣ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከተማው ሁሉ ሲያልበው እሱ አይንቀሳቀስም።

ልምምድ ሲታሰብ ደግሞ የአገራችን አመል አለ፤ ሁሉም ነገር ወደ ረጅም ሩጫ ያዘነብላል። ሩጫ ስለምንወድና ሩጫ ሜዳ እንጂ ሌላ ዕቃ ስለማይጠይቅ የጠዋት ስፖርት ማለት ተሰልፎ ረጅም ሶምሶማ መውጣት ይሆናል። ክፉ አይደለም፤ ለልብ ይጠቅማል። የፖሊስ ሥራ ግን ሌላም ይጠይቃል። አጭር ፈጣን ሩጫ፣ አጥር መዝለል፣ ወድቆ ቶሎ መነሳት፣ የሚወራጭ ሰው ይዞ ማቆየት፣ የተጎዳ ሰው ጎትቶ ከመንገድ ማውጣት፤ እነዚህ የጣት፣ የጀርባና የጭን ጉልበት ይፈልጋሉ። በትጥቅና በጫማ ሆኖ 150 ሜትር ሮጦ ወዲያው ከባድ ከረጢት መጎተትና በስተመጨረሻ ካቴና ማሰር፤ እንዲህ ያለው ፈተና ከ10 ኪሎ ሜትር ይልቅ ሥራውን ይመስላል። ቦታውም ልዩነት አለው። 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በጋምቤላ ሙቀት የሚያገለግል ፖሊስና አዲስ አበባ ብርድ ላይ የሚያድረው በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት ልምምድ ሊለኩ አይገባም። ቆላ ለቆየ ሰው ከፍታ ላይ በመጣበት ሰሞን መፈተን፣ ደገኛውንም ቆላ በወረደ በሳምንቱ በቀትር ማስሮጥ ሁለቱም ያለ ጥፋቱ መቅጣት ነው። ጾምም ይታሰብ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሰውን ወይም በረመዳን ውሃ የማይጠጣውን አባል በከባድ ልምምድ መጥመድ የማያስተውል አዛዥ ሥራ ነው፤ ወቅቱን በቀላል እንቅስቃሴ ማሳለፍና ፈተናውን ከፋሲካ ወይም ከኢድ በኋላ ማድረግ ማንንም አያስከፋም።

ዕድሜና ጾታስ? አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 የ12 ደቂቃ ሩጫ ፈተናቸውን ካስተዋወቁ ወዲህ ብዙ የፖሊስ ማሠልጠኛዎች በዕድሜና በጾታ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ይጠቀማሉ። ሰንጠረዡ ለጤና ጥሩ ነው፤ የ50 ዓመት ሰው ከእኩዮቹ አንጻር የት እንዳለ ይነግረዋል። ለሥራ ብቁ ነው ወይ ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ሌባው፣ የሚያሳድደው ፖሊስ 50 ዓመት ስለሞላው፣ ቀስ ብሎ አይሮጥም። የሚሻለው ሁለቱን መነጠል ነው። ለሁሉም፣ ሐኪም ያለበት፣ ደም ግፊትና ስኳር የሚለካበት፣ ማንንም ከሥራ የማያስወጣ የጤና ክትትል ይኑር፤ መንገድ ላይ ለሚሰማራው ደግሞ ለወንዱም ለሴቷም፣ ለወጣቱም ለጎልማሳውም አንድ የሆነ፣ ከሥራው የተቀዳ መለኪያ። ያንን የማያልፈው ባለ ልምድ ዋና ሳጅን በምርመራ፣ በመዝገብ ክፍል ወይም በማኅበረሰብ ፖሊሲንግ የሚሰጠው ብዙ አለ።

እንደ ልማዳችን ነገሩ ዘመቻ ሆኖ ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ። መመሪያ ይወርዳል፤ ለአንድ ሰሞን ሁሉም ጠዋት ይሮጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ በዓል ይመጣል፣ ጥበቃው ይጠብቃል፣ ሩጫው ይቀራል። ዘመቻ የሚወድቀው ልምምዱን ከፖሊሱ የግል ሰዓት ላይ ስለሚወስድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ፖሊሱ በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል ብለን ብናሰላ እንኳ (ብዙዎቹ ከዚያ በላይ እንደሚሠሩ የታወቀ ነው) ይህ ከሥራ ሰዓቱ ከ20 አንድ እጅ ገደማ ነው። የጣቢያ አዛዡ «ሰው አንሶኛል፣ ከየት ላምጣ» ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱንም ነው። ግን ያንኑ ሰዓት በወገብ ሕመም ፈቃድ፣ በጉልበት ጉዳት ሕክምናና ያለ ጊዜው በሚወጣ ጡረታ እየከፈለው ነው፤ ልዩነቱ የፈረቃ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ አለመታየቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የአካል ብቃት መመሪያ ሲወጣ እኔ መጀመሪያ የማየው ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል የሚለውን አንቀጽ አይሆንም። የልምምዱ ሰዓት በሳምንታዊው ምደባ ውስጥ በጥበቃና በፓትሮል እኩል ተጽፎ እንደሆነ፣ የክፍለ ከተማው አዛዥ ከነረዳቶቹ በስም ዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን አያለሁ። ከዚያ ደግሞ ተራ የሚመስለውን እጠይቃለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ያለ ጣቢያ ታንከርና ሻወር፣ ሴቶች ለብቻቸው ልብስ የሚቀይሩበት ክፍልና የሚቆለፍ ሣጥን ተይዞለታል? ላቡ እንደደረቀበት ዩኒፎርም ለብሶ ስምንት ሰዓት አደባባይ ላይ እንዲቆም የሚጠበቅ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ለልምምዱ ምክንያት ፈልጎ ይቀራል፤ አይፈረድበትምም።